አባካቪርን ከመጀመር በፊት፦ የመድኃኒት አለርጂን የሚተነብየው የዘረመል ምርመራ በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አባካቪር በአሜሪካ ለአገልግሎት ከተፈቀደበት ከ1998 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለብዙ ሕሙማን የጠቀመ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ጥናቶች ከወሰዱት ሰዎች ከመቶ ከአምስት እስከ ስምንት በሚሆኑት ላይ ኃይለኛ አለርጂ ሲቀሰቅስ ታይቷል። አለርጂው በማን ላይ እንደሚነሣ አስቀድሞ የሚያመለክት የዘረመል ምርመራ ከተገኘ በኋላ በበለጸጉት አገሮች አባካቪር ያለ ምርመራ የማይታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ምርመራው የተፈተነውና ደንብ የሆነው ግን በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ሕዝቦች በተለየ ሕዝብ መካከል ስለሆነ፣ በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በመሳሰሉት የደቡብ ቆላ ከተሞች ሕክምናቸውን ለሚከታተሉ ሰዎች ያለው ትርጉም ራሱን ችሎ መታየት ይገባዋል።

ይህ ዳሰሳ የሚደርስበት ድምዳሜ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ምርመራው በእያንዳንዱ ሆስፒታል የግድ ይጀመር ለማለት የሚያበቃ መነሻ ገና አልተጣለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ «አፍሪካ ውስጥ ከአለርጂው ጋር የተያያዘው ዘረመል ብርቅ ነው» በሚል ጥቅል አባባል ጉዳዩን መዝጋት የቆላውን ሕዝብ በሌሎች ሕዝቦች ቁጥር መዳኘት ይሆናል። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ በአካባቢው የዘረመሉን ስርጭት መለካት ሲሆን፣ ልኬቱ እስኪገኝ ድረስ ሕሙማንን የሚጠብቀው የባለሙያው ንቁ ክትትል ነው።

የአለርጂው ጠባይ

የአባካቪር አለርጂ ተራ የቆዳ ሽፍታ ሳይሆን መላ ሰውነትን የሚያውክ ሕመም ነው። ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ሕመም፣ ከባድ ድካም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ አንዳንዴም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይታይበታል። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ የሚጀምሩ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በተወሰደ ቁጥር እየባሱ ይሄዳሉ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳሉ።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አለርጂው አንድ ጊዜ የተነሣበት ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ እንደገና ቢጀምር ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ከፊተኛው በበረታ ኃይል ይመለሳል፤ የደም ግፊት በድንገት ሊወድቅና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት አባካቪር አለርጂ ላስነሣበት ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁሉ የተከለከለ መድኃኒት ይሆናል፤ አባካቪርን ከሌሎች ጋር የያዙ ቅንብር እንክብሎችም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ይገባሉ።

ምርመራው እንዴት እንደተገኘ

የሰው ልጅ በሽታ የመከላከል አቅም የራስን ሕዋስ ከባዕድ ነገር የሚለየው በሕዋሳት ገጽ ላይ በሚቀመጡ ኤችኤልኤ በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ ያሉ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ወደ ውጭ አውጥተው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱም የሚታያቸው ቁርጥራጭ የሰውነቱ ከሆነ ያልፉታል፣ ባዕድ ከሆነ ያጠቁታል። ፕሮቲኖቹን የሚያዝዙት ዘረመሎች በሰው ዘር ውስጥ እጅግ የተለያዩ ቅጂዎች ያሏቸው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅጂ በፊደልና በቁጥር ይጠራል፤ ከአባካቪር ጋር የተያያዘው ቅጂ ኤችኤልኤ-ቢ 57:01 ይባላል።

በ2002 በአውስትራሊያ በሳይመን ማላል የሚመራው ቡድንና በአሜሪካ የነበረ ሌላ ቡድን ይህ ቅጂ ከአባካቪር አለርጂ ጋር ጥብቅ ትስስር እንዳለው በየፊናቸው አስታወቁ። ግኝቱን ወደ ሕክምና ደንብ የለወጠው በ2008 የታተመው ፕሪዲክት-1 የተባለ ጥናት ነበር። በ19 አገሮች 1,956 ሕሙማን የተሳተፉበት ይህ ጥናት ግማሾቹን አስቀድሞ በመመርመርና ቅጂው ለተገኘባቸው አባካቪርን በመከልከል፣ ሌሎቹን ደግሞ እንደ ቀድሞው ያለ ምርመራ በማከም ውጤቱን አነጻጸረ። ያለ ምርመራ ከታከሙት መካከል በቆዳ ላይ በሚለጠፍ የአለርጂ መፈተሻ የተረጋገጠ አለርጂ በ2.7 ከመቶ ላይ ሲታይ፣ አስቀድመው በተመረመሩት ዘንድ ግን አንድም አልተገኘም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አባካቪር ከመታዘዙ በፊት ምርመራው እንዲደረግ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አደረገ።

የአለርጂው መንስኤ በ2012 በታተሙ ጥናቶች ግልጽ ሆነ። አባካቪር በ57:01 ፕሮቲን ውስጥ ካለ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ይቀመጣል፤ በዚህም ፕሮቲኑ የሚይዛቸው ቁርጥራጮች ዓይነት ይለወጣል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ከዚያ በፊት ታይተዋቸው የማያውቁትን የገዛ ሰውነት ቁርጥራጮች እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቃሉ። የ57:01 የቅርብ ዘመዶች የሆኑት 57:02 እና 57:03 በዚያ ስፍራ ላይ በጥቂት የፕሮቲን ክፍሎች ስለሚለዩ አባካቪር ይህን ለውጥ አያመጣባቸውም። ይህ ልዩነት ለአፍሪካ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአህጉሩ 57:03 ከ57:01 በእጅጉ የተለመደ በመሆኑ፣ «57» የተባለውን ቤተሰብ ብቻ የሚለይ ሻካራ ምርመራ አባካቪር የማይጎዳቸውን ብዙ ሰዎች ያለ አግባብ ሊከለክል ይችላል።

የምርመራው ውጤት አተረጓጎምም ማስተዋል ይሻል። ቅጂው የሌለበት ሰው እውነተኛ የአባካቪር አለርጂ ይነሣበታል ተብሎ አይጠበቅም፤ ቅጂው ያለበት ሰው ግን የግድ ይታመማል ማለት አይደለም፤ በፕሪዲክት-1 ስሌት ቅጂው ካለባቸው አለርጂው የሚነሣባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። ዘረመል በዕድሜ የማይለወጥ በመሆኑ ምርመራው በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ በሕፃንነት የተገኘ ውጤት በአዋቂነትም ያገለግላል።

«አፍሪካ» አንድ ቁጥር የላትም

በፕሪዲክት-1 ከተሳተፉት አብዛኞቹ ነጮች መሆናቸው ምርመራው ለጥቁር ሕሙማን ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። በዚያው በ2008 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት በቆዳ መፈተሻ የተረጋገጠ አለርጂ የነበራቸው ነጮችም ሆኑ ጥቁሮች ሁሉም 57:01 እንዳላቸው በማሳየት ጥያቄውን መለሰ። ስለዚህ ቅጂውና አለርጂው ያላቸው ትስስር በዘር አይለያይም፤ የሚለያየው ቅጂው በየሕዝቡ የሚገኝበት መጠን ነው።

ይህ መጠን በአፍሪካ ውስጥ ያለው ልዩነት አስደናቂ ነው። ለዓለም አቀፍ የዘረመል ጥናት ናሙና ከተወሰደባቸው ሕዝቦች መካከል በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ቅጂው አልተገኘም፤ በምዕራብ ኬንያ ሉህያዎች ዘንድ 3.3 ከመቶ ሲሆን፣ በዚያው በኬንያ በማሳዮች ዘንድ ግን 13.6 ከመቶ ደርሷል። ቻርልስ ሮቲሚና ሊን ጆርዴ በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጡት፣ «አፍሪካዊ» ወይም «ጥቁር» የሚል ስም ለሐኪም ውሳኔ በቂ መነሻ እንደማይሆን ለማስረዳት ነበር። የማሳዮቹ ቁጥር ከአውሮፓውያኑም በላይ ስለሆነ ምርመራው በአውሮፓ ተገቢ ከሆነ በማሳይ ምድር ይበልጥ ተገቢ ይሆናል።

የኡጋንዳ ተሞክሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። በዚያ በ600 አዋቂዎች ላይ አባካቪርን ኔቪራፒን ከተባለው ሌላ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ባነጻጸረው ጥናት የአለርጂ ጥርጣሬ አባካቪር ከወሰዱት 2 ከመቶ፣ ኔቪራፒን ከወሰዱት ደግሞ 4.7 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ተመዝግቧል፤ ከዚሁ ጥናት በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ላይ በተደረገው የዘረመል ምርመራ ግን 57:01 አልታየም። በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ1,200 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት አሮው በተባለው ጥናትም የአባካቪር አለርጂ የተጠረጠረባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዘረመሉ በሌለበት ስፍራ የሚነሣ ጥርጣሬ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሕመም ጋር የተምታታ ሊሆን እንደሚችልና ምርመራው አደጋን ከመከላከል ባሻገር የተሳሳተ ጥርጣሬንም ሊያስወግድ እንደሚችል ነው።

የቦረና፣ የጉጂ፣ የገብራና የሶማሌ ሕዝቦች የሚኖሩበት ቆላ ከእነዚህ ሁለት ጫፎች ወደ የትኛው እንደሚቀርብ አይታወቅም። ቦረናዎች በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩ አንድ ሕዝብ ሲሆኑ፣ ማሳዮች በቋንቋ ናይሎቲክ ቢሆኑም የዘር ሐረጋቸው ከኩሻዊ ተናጋሪዎች ጋር ጉልህ ቅልቅል እንዳለው የዘረመል ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ግን የማሳዮችን ቁጥር ለቦረናዎች ለመስጠት አያበቃም፤ የኡጋንዳን ዜሮ ለመስጠትም እንዲሁ። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ሃፕማፕና የሺህ ጂኖም ፕሮጀክት የተባሉት የናሙና ስብስቦች ከኢትዮጵያ አንድም ሕዝብ አላካተቱም። በ2009 ሣራ ቲሽኮፍ የመራችው የ121 የአፍሪካ ሕዝቦች ጥናት በኬንያ የሚኖሩ ቦረናዎችን ቢያካትትም፣ ዓላማው የሕዝቦችን የዘር ታሪክ መከታተል እንጂ የመድኃኒት አለርጂን ዘረመል መለካት አልነበረም።

የሌላውን ሕዝብ ቁጥር መዋስ ምን ያህል እንደሚያሳስት የኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ብዙ መድኃኒቶችን በጉበት ውስጥ የሚያብላላው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ዘረመል በ29 ከመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ ተባዝቶ እንደሚገኝና፣ በዚህም መድኃኒቶቹን እጅግ ፈጥነው እንደሚያብላሉ አሳይተዋል። ይህ መጠን በሰሜን አውሮፓ ከሚታወቀው እጅግ የላቀ ስለነበር ማንም ከሌላ ሕዝብ ተነሥቶ ሊገምተው የሚችል አልነበረም፤ የታወቀው ስለተለካ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የተገኘው ማስረጃ

በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለብዙዎች የታዘዘው ኔቪራፒንን የያዘ ቅንብር ነበር። ኔቪራፒን ሽፍታና የጉበት ጉዳት ስለሚያስከትል፣ አልፎ አልፎም ቆዳን የሚገሸልጥ ስቲቨንስ-ጆንሰን የተባለ ከባድ ሕመም ስለሚያመጣ፣ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በግማሽ መጠን እንዲሰጥ ይታዘዝ ነበር። የኔቪራፒን አለርጂ ከበርካታ የኤችኤልኤ ቅጂዎች ጋር መያያዙን በአውስትራሊያ፣ በማላዊና በሌሎችም አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ቢያመለክቱም፣ ቅጂዎቹ ከሕዝብ ሕዝብ በመለያየታቸው እንደ 57:01 ያለ አንድ ወሳኝ ምርመራ አልተገኘለትም። ሕሙማንን ከዚህ አደጋ ያወጣቸው መድኃኒቱ መለወጡ ነው፤ በመጀመሪያ ኤፋቪሬንዝ፣ ከዚያም ዶሉቴግራቪር ስፍራውን ተክተውታል።

ኤፋቪሬንዝን በሚመለከት የጌትነት ይመርና የባልደረቦቹ ጥናት ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለው ዘረመል ዝግተኛ ቅጂ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሕሙማን መድኃኒቱ በደማቸው ስለሚጠራቀም ለጉበት ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ከዚህ ዳሰሳ ጋር በቅርብ የሚገናኘው ግን ዘላለም ጴጥሮስ፣ እያሱ መኮንን፣ ጌትነት ይመር፣ አቢይ ሀብተወልድ፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ2017 ያሳተሙት ነው። ጥናቱ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒቶችን አብረው በሚወስዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚደርሰው የጉበት ጉዳት ከኤችኤልኤ-ቢ 57 ቤተሰብ ጋር፣ በተለይም ከ57:02 እና ከ57:03 ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። አባካቪር የማይነካቸው ሁለቱ ቅጂዎች በሌላ የመድኃኒት ጥምረት የአደጋ ምልክት ሆነው መገኘታቸው፣ በኢትዮጵያ የሚዘረጋ ምርመራ 57:01ን ብቻ ፈልጎ ማቆም እንደማይገባውና የቤተሰቡን አባላት አንድ በአንድ መለየት እንዳለበት ያስገነዝባል።

የቆላው ነባራዊ ሁኔታ

ዛሬ በኢትዮጵያ አብዛኞቹ አዋቂዎች የሚወስዱት ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ እንክብል የያዘ ቅንብር በመሆኑ አባካቪር አያገኛቸውም። አባካቪር በዋናነት የሚታዘዘው ለሕፃናትና ኩላሊታቸው ቴኖፎቪርን ለማይችል አዋቂዎች ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚመለከታቸው ሰዎች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም፣ ከሁሉ ይልቅ ሕመማቸውን በቃል ለመግለጽ የማይችሉ ወይም አማራጭ መድኃኒት የሚያንሳቸው ናቸው።

በቆላው የአለርጂው ምልክቶች ከአካባቢው ሕመሞች ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ትኩሳትና ትውከት የያዘው ሕፃን ወባ እንደሆነ፣ ትኩሳትና ሳል ያለበት የሳንባ ምች እንደሆነ ሊገመት ይችላል፤ ከአባካቪር ጋር አብሮ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የተባለ መድኃኒትም በራሱ ሽፍታ ያመጣል። ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወባን አለርጂ ያለ ባለሙያ ለሕፃኑ ጠቃሚ የሆነን መድኃኒት ለዘለዓለም ይዘጋበታል፣ አለርጂን ወባ ያለ ደግሞ የሚገድለውን መድኃኒት እንዲቀጥል ያደርጋል።

ከዚህ በላይ አሳሳቢው ጉዳይ የመድኃኒት መቋረጥ ነው። የአርብቶ አደር ቤተሰብ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ከጤና ጣቢያው ይርቃል፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ድርቅ ብዙ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን አጥተው ተፈናቅለዋል። መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ይዞት፣ ቤተሰቡ በመሄዱ ምክንያት ያቋረጠ ሕፃን ከወራት በኋላ ሲመለስ፣ የመቋረጡ ምክንያት በካርዱ ላይ «ቀጠሮ አልተከበረም» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ መድኃኒቱ ያለ ጥያቄ እንደገና ይጀመርለታል። በአባካቪር ረገድ ይህ ዳግም መጀመር ከሁሉ የከፋው አደጋ በመሆኑ፣ የቆላው አኗኗር ራሱ አለርጂውን ከደጋው ይልቅ አስጊ ያደርገዋል።

ርቀቱም ሌላው ሸክም ነው። ነጌሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞያሌ ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። የዘረመል ምርመራ የሚሠራባቸው ማሽኖችና ባለሙያዎች የሚገኙት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ባሉ የምርምር ተቋማት በመሆኑ፣ ውጤቱን ለሳምንታት መጠበቅ ሕክምናውን የሚያዘገይ ከሆነ ምርመራው ከሚያስቀረው ጉዳት ይልቅ መዘግየቱ የሚያስከትለው ሊበልጥ ይችላል፤ ያልታከመ ኤችአይቪ ሕፃናትን ፈጥኖ ይገድላልና።

ምርመራው ይገባል ወይስ አይገባም?

ምርመራውን የሚቃወሙ ወገኖች ክርክር በዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ቅጂው ከመቶ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነና ከተገኘባቸው ግማሹ የሚታመሙ ከሆነ፣ አንድ አለርጂ ለመከላከል 200 ሰዎችን መመርመር ያስፈልጋል፤ ያ ገንዘብ በቫይረስ መጠን ምርመራ ወይም በሕፃናት ምግብ ላይ ቢውል ይበልጥ ሕይወት ያድናል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው «ከመቶ አንድ» በሚለው መነሻ ላይ ነው። መጠኑ እንደ ማሳዮቹ ከመቶ 13 በላይ ቢሆን በዚያው ስሌት አንድ አለርጂ የሚያስቀረው 15 ገደማ ሰዎችን መመርመር ይሆናል። በ200 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት በክርክር የሚፈታ አይደለም፤ የሚፈታው በልኬት ነው።

ልኬቱን ለማካሄድ አዲስ መሠረተ ልማት መዘርጋት አያስፈልግም። ከኤችአይቪ ጋር ከሚኖሩ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በስድስት ሳምንት ዕድሜያቸው ከተረከዛቸው የሚወሰደው ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ከዚህ ወረቀት ዘረመል ማውጣትና ኤችኤልኤን መለየት ይቻላል። ከነጌሌ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ሆስፒታሎች በእናቶች ፈቃድ ስም የተሰወረባቸው ጥቂት መቶ ናሙናዎች ቢሰበሰቡ፣ የቆላው ሐኪም የሚያስፈልገውን ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። አንዳንድ አውሮፓውያን ላቦራቶሪዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ 57:01ን በቀጥታ ከመፈለግ ይልቅ አብሮት የሚጓዝን ሌላ የዘረመል ምልክት ይጠቀማሉ፤ ይህ ምልክት ከቅጂው ጋር ያለው ቁርኝት በየሕዝቡ ስለሚለያይ በቆላው ሕዝብ ዘንድ ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ መዋል አይገባውም።

ጥናቱ በጥንቃቄ መመራትም አለበት። ፈቃድ የሚጠየቀው እናቲቱ በምትናገረው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ መሆን ይኖርበታል፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችና አባ ገዳዎችም የጥናቱን ዓላማ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ውጤቱም በሕዝብ ስም ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንዳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። ነጌሌ ቦረናው፣ ጉጂው፣ ሶማሌው፣ ቡርጂው፣ ኮንሶው፣ አማራውና ጉራጌው አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በመካከላቸው ጋብቻም ብዙ ነው። በሕዝብ ደረጃ የተገኘው ቁጥር ምርመራው በአካባቢው ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ይረዳል እንጂ፣ በሐኪሙ ፊት የተቀመጠውን አንድ ሰው በብሔሩ ለመፈረጅ አያገለግልም።

ቁጥሩ እስኪገኝ ድረስ ግን ጥበቃው በእጅ ባለው መሣሪያ መካሄድ አለበት። አባካቪር የሚጀምር ሕፃን ወላጆች ስለ ምልክቶቹ በቋንቋቸው ሊነገራቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ቀጠሮው ሊቀራረብና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልትጎበኘው ይገባል። መድኃኒት ያቋረጠ ሁሉ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ምን ምልክት እንደነበረው በዝርዝር ሊጠየቅ፣ አለርጂ የተጠረጠረበትም ከቆላው ወደ ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ሲሻገር እንኳ አብሮት የሚሄድ የማስጠንቀቂያ ካርድ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጉዳት ክትትል መርሐ ግብር አባል ከሆነች ከ2008 ወዲህ ባለሙያዎች ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚያስተላልፉት የጉዳት ሪፖርትም፣ ከቆላው ሆስፒታሎች በወጥነት ቢላክ ራሱ የማስረጃ ምንጭ ይሆናል።

የአባካቪር ምርመራ ታሪክ አንድ ሰው በሕክምና ሊጎዳ የሚችልበት ምክንያት በደሙ ውስጥ አስቀድሞ ሊነበብ እንደሚችል አረጋግጧል። ከዚህ ዕውቀት የሚገኘው ጥበቃ ግን የሚደርሰው በጥናቱ ውስጥ ለተቆጠሩት ሕዝቦች ነው። የነጌሌና የሞያሌ ሕፃናት የሚገባቸው የአውስትራሊያዋ ፐርዝ ወይም የለንደን ደንብ እንዳለ መገልበጡ አይደለም፤ የሚገባቸው ደንቡ የተገነባበት ዓይነት ማስረጃ ከራሳቸው ወገን ተሰብስቦ፣ ለእነርሱ የሚበጀው ምርመራም ይሁን ክትትል በእነርሱ ቁጥር እንዲወሰን ነው። ይህ ከአገሪቱ ሳይንቲስቶችና ላቦራቶሪዎች አቅም በላይ ስላልሆነ፣ መዘግየቱ በችግር ሳይሆን በትኩረት ማነስ ብቻ የሚገለጽበት ጊዜ ደርሷል።